ፎረንሲክ ሳይንስ፦ የችሎት ሳይንስ

«ፎረንሲክ» ከላቲን የመጣ ቃል ነው። መነሻው «ፎረም» ነው፤ በጥንቷ ሮም ሕዝብ የሚሰበሰብበት፣ ክርክር የሚሰማበትና ፍርድ የሚሰጥበት አደባባይ። ስለዚህ የቃሉ መሠረታዊ ፍቺ «የሸንጎ» ወይም «የችሎት» የሚል ነው።

በአማርኛ ብዙ ጊዜ «የወንጀል ምርመራ ሳይንስ» ሲባል እንሰማለን። ይህ አጠራር ግን ከፊሉን ብቻ ነው የሚይዘው። በኢትዮጵያ አንድ ተከራካሪ በብድር ውል ላይ ያለው ፊርማ የእኔ አይደለም ቢል፣ ፍርድ ቤት ሰነዱን በፖሊስ ፎረንሲክ ክፍል ሊያስመረምር ይችላል። ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው፤ ምርመራው ግን ፎረንሲክ ነው። የአባትነት ክርክር በዲኤንኤ ሲፈታም እንዲሁ ነው። «የአስከሬን ምርመራ» የሚለው ደግሞ ከዚህም ይጠብባል፤ እሱ የሕክምና ዶክተር ሆኖ በፓቶሎጂ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። ስለዚህ «የችሎት ሳይንስ» የሚለውን አቻ አቀርባለሁ። ፍርድ ለሚጠብቅ ጥያቄ በሳይንስ ዘዴ መልስ የሚፈልግ፣ ያገኘውንም በዳኛ ፊት ቀርቦ የሚያስረዳ ሙያ ማለት ነው።

ሙያው ለታሪካችን ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከልዩ ዐቃቤ ሕግ ጋር ሠርቷል፤ በደርግ ዘመን የተገደሉ ሰዎች የተቀበሩባቸውን የጅምላ መቃብሮች መርምሯል። ቤተሰብ ለዓመታት በልቡ የያዘው እውነት ለፍርድ የሚበቃ ማስረጃ የሚሆነው እንዲህ ባለ ሥራ ነው።

ስሙን በዚህ መልክ መረዳት ኮሌጅ ለሚመርጥ ተማሪ ትልቅ ጥቅም አለው። በስሙ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ፦ ሳይንስና ችሎት። ሁለቱንም የማያስተምር ፕሮግራም፣ በማስታወቂያው ላይ «ፎረንሲክ» ብሎ ቢጽፍም፣ ተማሪውን ለሙያው አያበቃውም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለሚኖሩ ወላጆችና ልጆቻቸው የምመክረውም ከዚህ ይነሳል።

መጀመሪያ ሳይንሱን ተመልከቱ። «የወንጀል ፍትህ» የሚባለው ዲግሪ ለፖሊስነት፣ ለማረሚያ ቤት አስተዳደርና ለመሳሰሉት ሥራዎች ጥሩ መነሻ ነው። የላቦራቶሪ በር የሚከፍተው ግን ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ነው። ኤፍቢአይ ባወጣው የጥራት መመዘኛ መሠረት የዲኤንኤ ተንታኝ ለመሆን ባዮኬሚስትሪ፣ ጄኔቲክስና ሞለኪዩላር ባዮሎጂ መማር፣ በስታቲስቲክስ ወይም በፖፑሌሽን ጄኔቲክስም መሠልጠን ግዴታ ነው። አደንዛዥ ዕፅ ወይም መርዝ መመርመር የሚሻ ደግሞ በኦርጋኒክና በአናሊቲካል ኬሚስትሪ መበርታት አለበት። ስለዚህ ከዲግሪው ስም በፊት በአራቱ ዓመት ውስጥ የሚወሰዱትን ኮርሶች ዝርዝር አንብቡ።

ቀጥሎ ዕውቅናውን አጣሩ። በእንግሊዝኛ «አክሬዲቴሽን» የሚባለው ዕውቅና ሁለት ደረጃ አለው፦ አንዱ ለዩኒቨርሲቲው በጠቅላላ፣ ሌላው ለአንድ የትምህርት ክፍል ለብቻው የሚሰጥ ነው። በዚህ ሙያ ሁለተኛውን የሚሰጠው በአሜሪካ የፎረንሲክ ሳይንሶች አካዳሚ ሥር ያለው «ፌፓክ» የተባለው ኮሚሽን ነው። ፌፓክ የተፈጥሮ ሳይንስ መሠረቱን፣ የላቦራቶሪ ትምህርቱን፣ ሥነ ምግባሩንና የፍርድ ቤት ምስክርነት ሥልጠናውን ይመዝናል። በሪችመንድ የሚገኘው ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ ይህን ዕውቅና ካገኙት አንዱ ነው። ዕውቅናው በየጊዜው ስለሚታደስ ከመመዝገባችሁ በፊት የኮሚሽኑን ወቅታዊ ዝርዝር ማየት ያስፈልጋል። የፌፓክ ዕውቅና ያለው ኮሌጅ በአቅራቢያ ባይኖር ወይም ክፍያው ቢከብድ መንገዱ አልተዘጋም። በጠንካራ ኬሚስትሪ ወይም ባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ፣ ፎረንሲኩን በማስተርስ መቀጠል ብዙዎች የሄዱበት መንገድ ነው።

ሦስተኛው ችሎቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ የማሳቹሴትስ መዝገብ ላይ ታላቅ ውሳኔ ሰጠ። በወንጀል ክርክር የላቦራቶሪ ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ ተከሳሹ ተንታኙን በመስቀለኛ ጥያቄ የመፈተን መብት አለው አለ። ስለዚህ ኮሌጁ ተማሪዎቹን በልምምድ ችሎት ቆመው እንዲመሰክሩ ያሠለጥናል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በእውነተኛ ላቦራቶሪ የተግባር ልምምድ ማግኘታቸውንም ጠይቁ። የቨርጂኒያ ግዛት የፎረንሲክ ላቦራቶሪዎች በሪችመንድ አካባቢ፣ በማናሰስ፣ በኖርፎክና በሮአኖክ ይገኛሉ፤ እንዲህ ካለ ተቋም ጋር ትስስር ያለው ትምህርት ቤት ብልጫ አለው።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የምመክረው ስህተቱ በሰው ሕይወት ላይ ስለሚወድቅ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ፣ ኤፍቢአይ በአንድ የፕላስቲክ ከረጢት ላይ የተገኘውን የጣት አሻራ በኦሪገን የሚኖር ጠበቃ አሻራ ነው ብሎ ሰውየውን አሰረ። የስፔን ፖሊስ አሻራው የሌላ ሰው መሆኑን ሲያስታውቅ ጠበቃው ከሁለት ሳምንት ገደማ እስር በኋላ ተለቀቀ፤ ኤፍቢአይም ይቅርታ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ባወጣው ሪፖርት፣ ከዲኤንኤ ምርመራ በቀር አንድን ማስረጃ ከአንድ ሰው ጋር በከፍተኛ እርግጠኝነት ለማገናኘት ብቁነቱ በጥብቅ ጥናት የተረጋገጠ ዘዴ እንደሌለ አስታወቀ። ስለዚህ ጥሩ መምህር ተማሪውን የመሣሪያ አጠቃቀም ብቻ አያስተምረውም። የዘዴውን ወሰን፣ የስህተቱን መጠን፣ «ከዚህ በላይ ማለት አልችልም» ብሎ መመስከርንም ያስተምረዋል።

ተማሪው ገና ከጅምሩ ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ላቦራቶሪዎች ከመቅጠራቸው በፊት የአመልካቹን ያለፈ ታሪክ፣ የዕፅ ተጠቃሚነትን ጨምሮ፣ ያጣራሉ። በኤፍቢአይ ለመቀጠር የአሜሪካ ዜግነት ግዴታ ነው። በግሪን ካርድ ያለ ተማሪ የዜግነቱን ጉዳይ ከትምህርቱ ጎን ለጎን ቢያስብበት ይበጀዋል።

እንግዲህ ኮሌጁን ስትጎበኙ ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፦ ልጄ ምን ያህል ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይማራል? ፕሮግራሙን ማን መዝኖ ዕውቅና ሰጠው? ተመራቂዎቻችሁ የት ተቀጠሩ? ለሦስቱም ግልጽ መልስ፣ ከተቻለም በጽሑፍ፣ ያልሰጠ ትምህርት ቤት ክፍያ ሊጠይቃችሁ አይገባም። የችሎት ሳይንስ በማስረጃ የቆመ ሙያ ነው፤ ኮሌጁም ለራሱ ብቃት ማስረጃ ማቅረብ አለበት።