ምክንያቱ ከበረዶው ሥር ነበር

እ.ኤ.አ. በ1905 አሜሪካዊው የጂኦሎጂ ምሁር ራልፍ ታር በአላስካ፣ በያኩታት ወሽመጥ አጠገብ ያለውን ቫሪጌትድ የተባለ የበረዶ ግግር ሲያጠና፣ ግግሩ ሰው በእግሩ የሚሻገረው ነበር። በዓመቱ ሲመለስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ግግር ተሰነጣጥቆ መተላለፊያ የሌለው ገደል ሆኖ ጠበቀው።

ታር ምክንያት አላጣም። በ1899 አካባቢውን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ የባሕሩን ዳርቻ በአንዳንድ ቦታ ከ14 ሜትር በላይ ከፍ አድርጎታል። ያ ነውጥ ከተራሮቹ ያራገፈው በረዶ ግግሩን ከላይ ተጭኖ ወደፊት ገፋው ሲል ደመደመ። ትረካው መነሻና መድረሻ ስለነበረው ለብዙ ዓመታት ተቀባይነት አግኝቶ ኖረ።

ፈተናው በ1964 መጣ። መጠኑ 9.2 የሆነ መንቀጥቀጥ አላስካን መታ። ግግሮቹን ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ ያነሳ የነበረው ኦስቲን ፖስት ግን ታር ያለውን ዓይነት ግስጋሴ አላየም። ይልቁንም አንዳንድ ግግሮች መሬት ተንቀጠቀጠ አልተንቀጠቀጠ፣ የየራሳቸውን ጊዜ ጠብቀው እየደጋገሙ እንደሚገሰግሱ አስተዋለ። በላያቸው ያለው የድንጋይና የአፈር መስመር ተጠማዞ መታየቱ የቀደመ ግስጋሴ ምልክት ነበር።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ከ1973 ጀምሮ ቫሪጌትድን በየዓመቱ እየለኩ ተራውን ጠበቁ። የላይኛው ክፍል እየወፈረ፣ የታችኛው እየሳሳ ሄደ። በ1982 ግስጋሴው ጀመረ፤ በጁን 1983 በቀን ከ60 ሜትር በላይ ደረሰ። ባርክሌይ ካምብና ባልደረቦቹ እስከ ግግሩ ወለል ቆፍረው መልሱን ከሥር አገኙት፤ ውሃ ነው። በሌላ ጊዜ ውሃው በሰፊ ቦይ ይወጣል። በግስጋሴ ወቅት ግን በጠባብ ክፍተቶች ታፍኖ ግፊቱ ይጨምራል፤ በረዶውን ከወለሉ ሊያነሳው ይቃረባል፤ ያንሸራትተዋል። በጁላይ 1983 መጀመሪያ ከግግሩ ጫፍ ድፍርስ ጎርፍ ፈሰሰ፤ ግስጋሴውም ቆመ።

ከዓለም የበረዶ ግግሮች ይህ ጠባይ የሚታይባቸው ከመቶ አንድ ያህሉ ብቻ ናቸው። ሰው በሚኖርበት ሸለቆ ግን ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው። በፓኪስታን ሁንዛ፣ ሺሽፐር የተባለው ግግር ገስግሶ የጎረቤቱን ሸለቆ ውሃ ገደበ። በሜይ 2022 የተጠራቀመው ውሃ ጥሶ ወጥቶ የሐሰናባድን ድልድይ ወሰደው።

ታር ሰነፍ ተመልካች አልነበረም። የደረሰው ግን ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው፤ ያገኘውም ለዓይን የቀረበውን ትልቅ ምክንያት ነው። የኋለኞቹ ቀድመው ደርሰው፣ ምንም በማይታይበት ጊዜ ሁሉ እየለኩ አሥር ዓመት ያህል ጠበቁ።