ኖኅ የረገመው ማንን ነው?

ኖኅ በአይሁድ፣ በክርስትናና በእስልምና እምነቶች ዘንድ ከጥፋት ውኃ ተርፎ የሰው ዘር እንደገና የጀመረበት አባት ነው። ታሪኩ በኦሪት ዘፍጥረት ከምዕራፍ 6 እስከ 9 ይገኛል። ምድር በግፍ በተሞላች ጊዜ ጻድቅ ሆኖ ስለተገኘ ርዝመቷ 300፣ ወርዷ 50፣ ከፍታዋ 30 ክንድ የሆነ መርከብ እንዲሠራ ታዘዘ። ውኃው ሲመጣ የ600 ዓመት ሰው ነበር። እርሱና ሚስቱ፣ ሦስቱ ልጆቹ ሴም፣ ካምና ያፌት ከነሚስቶቻቸው፣ በድምሩ 8 ሰዎች ዳኑ። መርከቧ በአራራት ተራሮች ላይ ቆመች። ኖኅም 950 ዓመት ኖሮ ሞተ።

ሦስቱ እምነቶች ኖኅን ይጋሩታል፤ አተራረካቸው ግን ይለያያል።

የአይሁድ ሊቃውንት በጽድቁ ልክ ተከራክረዋል። ገሚሱ በዚያ ክፉ ትውልድ መካከል ጻድቅ የሆነ ሰው በደጉ ዘመን ቢኖር ኖሮ ይበልጥ ይጸድቅ ነበር ሲል፣ ገሚሱ ደግሞ ጻድቅ የተባለው ከነዚያ ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው ይላል። ታልሙድ ለኖኅ ልጆች፣ ማለትም ለሰው ዘር በሙሉ፣ የተሰጡ 7 ሕግጋትን ይዘረዝራል። ስድስቱ ጣዖት ማምለክን፣ ፈጣሪን መሳደብን፣ ነፍስ መግደልን፣ ዝሙትን፣ ስርቆትንና ከሕያው እንስሳ ሥጋ ቆርጦ መብላትን ይከለክላሉ። ቀሪው ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ያዛል።

በክርስትና ኖኅ የጽድቅ ሰባኪ ተብሏል፤ በመርከቧ የዳኑበት ውኃም የጥምቀት ምሳሌ ነው። ሙሉ ይዘታቸው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌም ስለ ኖኅ ይተርካሉ። የመጀመሪያው ስለ ልደቱ ሲናገር፣ ሁለተኛው ደግሞ ልጆቹን ፍርድን እንዲያደርጉ፣ ወላጆቻቸውን እንዲያከብሩና ባልንጀራቸውን እንዲወዱ እንዳዘዛቸው ያወሳል።

በእስልምና ኑህ ነቢይ ነው። 71ኛው የቁርኣን ምዕራፍ በስሙ ይጠራል። ከጎርፉ በፊት በሕዝቡ መካከል 950 ዓመት ኖሮ ወደ አንድ አምላክ ጠርቷቸዋል፤ የሰሙት ግን ጥቂቶች ነበሩ። መርከቧ ያረፈችው በጁዲይ ተራራ ላይ ነው። ከልጆቹ አንዱ አልሳፈርም ብሎ ሰጠመ። አባት ስለ ልጁ ቢማጸን፣ ሥራው መልካም ስላልነበረ ከቤተሰብህ አይቆጠርም የሚል መልስ ተሰጠው። የነቢይ ልጅ መሆን አላዳነውም።

የአባት ጽድቅ ልጅን ካላዳነ፣ የአባት ጥፋት ልጅን ሊኮንን ይገባል? ይህን የምጠይቀው በኖኅ ስም ከባድ ግፍ ስለተፈጸመ ነው።

ዘፍጥረት እንደሚተርከው ኖኅ ከጥፋት ውኃ በኋላ ወይን ተክሎ ጠጣ፤ ሰክሮም ራቁቱን ተኛ። ካም አይቶ ለወንድሞቹ ነገራቸው፤ እነርሱም አባታቸውን አለበሱት። ኖኅ ሲነቃ ተራገመ። በኋላ የመጡ ተርጓሚዎች ይህን እርግማን በካም ላይ፣ ከዚያም በጥቁር ሕዝብ ሁሉ ላይ አሳረፉት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ባርነትን ይደግፉ የነበሩ ሰባኪዎችም ጥቁሮች ለባርነት የተረገሙ ናቸው እያሉ ይህንኑ ሰበኩ።

ሕግ የተማረ ሰው ፍርድ ሲያነብ መጀመሪያ የሚያየው በማን ላይ እንደተፈረደ ነው። በዘፍጥረት 9፥25 የተረገመው ከነዓን ነው። ካም ኩሽ፣ ምጽራይም፣ ፉጥና ከነዓን የሚባሉ አራት ልጆች ነበሩት። በግሪኩ ብሉይ ኪዳን በብዙ ቦታ ኢትዮጵያ ተብሎ የተተረጎመው ኩሽ በእርግማኑ ውስጥ ስሙ አልተነሳም። ካምም ራሱ አልተረገመም፤ እንዲያውም በዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ እግዚአብሔር ኖኅንና ልጆቹን ባርኳል። ሁለተኛ፣ እርግማኑን የተናገረው ኖኅ እንጂ እግዚአብሔር አይደለም። ሦስተኛ፣ ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም አስተምሯል። ቁርኣንም ማንም የሌላውን ሸክም አይሸከምም ይላል። የዛሬው የወንጀል ሕግም ኃላፊነት የግል ነው የሚለው በዚሁ መንገድ ነው።

እኛም ከዚህ ነፃ ነን ማለት አይቻልም። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ ሰውን በአያቱ የሚመዝን ንግግር ግን ዛሬም ይሰማል። የኖኅን ታሪክ የሚያከብር ሰው ቢያንስ አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። በታሪኩ መሠረት ሰዎች ሁሉ የወጡት ከአንዲት መርከብ ነው።