ዲስክ ተንሸራተተ?

ወገቡን ያመመው ሁሉ «ዲስኬ ተንሸራቷል» ይላል። አባባሉ አሁን ወደ ውሻም ተሻግሯል። ዲስክ ግን እንደ ሳሙና ሹልክ አይልም፤ ከላይና ከታች ካሉት የአከርካሪ አጥንቶች ጋር የተጣበቀ ነው። የውጪው ጠንካራ ቀለበት ሲቀደድ ውስጡ ያለው ለስላሳ ነገር ወጥቶ ሕብለ ሰረሰርን ይጫናል፤ የሚባለው ሁሉ ይኸው ነው። ዳክስሁንድ በተባለው እግረ አጭር የውሻ ዝርያ ላይ ይህ ለስላሳ ክፍል ገና በወጣትነቱ ይደርቃል፣ ካልሲየምም ይጠራቀምበታል፤ ከሶፋ መዝለል ብቻ ሊያፈነዳው ይችላል። ስዊድናዊው ተመራማሪ ሐንሰን ድንገት የሚፈነዳውን «አንደኛ ዓይነት»፣ በዕድሜ ቀስ እያለ የሚያብጠውን «ሁለተኛ ዓይነት» ብሎ ለይቶታል።

ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙም ወደ ቦታው የሚመልሰው ዲስክ የለም። ቦታውን በኤምአርአይ ወይም በሲቲ ስካን ይለያል፣ የአከርካሪውን ቅስት በአንድ ጎኑ ይከፍታል፣ የፈሰሰውን ይጠርጋል። የኋላ ጣቱ አጥብቆ ሲቆነጠጥ ሕመም የሚሰማው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይራመዳል፤ የማይሰማው ከሆነ ተስፋው ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ጊዜም አይሰጥም።

ሂርና ከተማ ላይ ግን «ዲስክ» የሚለውን ቃል ለመጠቀም አልቸኩልም። የአገሬው ውሻ እግረ ረጅም ነው፤ ከተማዋም የአዲስ አበባ–ሐረር መንገድ ላይ ናት። የኋላ እግሩን የሚጎትት ውሻ ካየሁ መጀመሪያ የምጠረጥረው መኪና ነው። ከመኪናውም የሚያስፈራኝ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ሁልጊዜ በመናከስ አይገለጥም፣ ዝም ብሎ ሽባ የሚያደርግ መልክም አለው። ያልተከተበ ውሻ ከሆነ ወገቡን ከመዳበስ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።