ስለ አንበጣ አመጣጥና ስለ ወሬው አሰባሰብ

የደጋው ገበሬ አንበጣን የሚያውቀው በመጨረሻው ቀን ነው። ጤፉ ነጥቶ፥ ማሽላው ፍሬ ይዞ፥ ማጭድ በሚሳልበት ሰሞን ከቆላው በኩል እንደ ደመና ያለ ነገር ይነሣል፤ ከዚያም በኋላ ያለው የጥቂት ሰዓታት ነገር ነው። አንበጣው ዕንቍላል ሆኖ በአሸዋ ውስጥ የተቀበረበትን፥ ኩብኩባም ሆኖ በምድረ በዳ የተራመደበትን ጊዜ ገበሬው አላየም። ያን ጊዜ ያየ ሌላ ሰው ነው፤ እርሱም በቆላ ከብቱን የሚያግድ አፋር ወይም ሶማሌ፥ ከባሕር ማዶም ግመሉን የሚነዳ ዓረብ ነው። እንግዲህ የአንበጣ መከላከል ታሪክ ብዙ ጊዜ የመርዝና የአይሮፕላን ታሪክ ሆኖ ቢጻፍም፥ እኔ እንደማስበው ይልቁን የወሬ ታሪክ ነው፤ ይኸውም ያየው ላላየው በጊዜው ነግሮታልን? የተነገረውስ ሰምቶ ተነሥቷልን? የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ይገባል። አማርኛችን ክንፍ አውጥቶ በመንጋ የሚበረውን አንበጣ፥ ክንፍ ሳያወጣ በምድር እየዘለለ የሚሄደውን ኩብኩባ፥ በየሣሩ ብቻውን የሚዘለውን ደግሞ ከሌሎች መሰሎቹ ጋር ፌንጣ ይለዋል። በትንቢተ ኢዮኤል መጀመሪያም ተምች፥ አንበጣ፥ ደጎብያና ኩብኩባ በተራ ተቈጥረው ይገኛሉ። ኩብኩባ የአንበጣ ልጅ መሆኑን የቆላ ሰው ሁሉ ያውቃል። ፌንጣ መስሎ ብቻውን የሚኖረው ግን የአንበጣው ራሱ ሁለተኛ መልክ መሆኑን ማንም አልጠረጠረም ነበር፤ የአውሮፓ ሊቃውንትም ቢሆኑ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ አላወቁትም።

ስለ አገራችን አንበጣ በሰፊው ከጻፉት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ይህ ሰው በ1520 ከመልእክተኛው ከሮድሪጎ ዴ ሊማ ጋር በምጽዋ በኩል ገብቶ፥ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት በኢትዮጵያ ተቀመጠ፤ መጽሐፉም በ1540 በሊዝበን ታተመ። የአንበጣውን ስም እንደ ሰማው «አምባታ» ብሎ ጻፈው። አንበጣው ያረፈበት አገር እሳት የበላው እንደሚመስል፥ ሕዝቡም ርስቱን ትቶ ልጁን ይዞ ሲሰደድ እንዳየ ይናገራል። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው። መንጋው ከመድረሱ አንድ ቀን አስቀድሞ ይታወቅ እንደ ነበረ ይመሰክራል፤ ይህም መንጋው ስለ ታየ ሳይሆን፥ ፀሐይዋ ስለምትገረጣና የክንፉ ነጸብራቅ ምድሩን ቢጫ ስለሚያስመስለው ነው። ይህ ምልክት ሲታይ ሰዉ እንደ ሞተ ያህል ተስፋ ይቈርጥ ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን ወሬው የሚቀድመው በአንድ ቀን ብቻ ነበረ፤ በአንድ ቀን ደግሞ እሸት አይታጨድም።

በድባርዋ ሳለ አልቫሬዝ ያደረገው ነገር ለፈገግታም ለሐሳብም የሚሆን ነው። የአገሩን ቀሳውስትና ሕዝቡን አስከትሎ ታቦትና መስቀል ይዘው በምሕላ ወደ እርሻው ወጡ። ከዚያም ጥቂት አንበጣዎች አስይዞ የግዝት ቃል አነበበባቸው፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ ጉዞ ጀምረው ወደ ባሕር፥ ወይም ወደ እስላሞች አገር፥ ወይም ለክርስቲያን ወደማይጠቅም ተራራ እንዲሄዱ አዘዘ። የተያዙትንም ለቀሩት እንዲነግሩ ብሎ ለቀቃቸው። በኋላ ከባሕሩ በኩል ነጐድጓድና በረዶ ያለበት ብርቱ ዝናብ ተነሥቶ አንበጣውን በየወንዙ ዳር ከምሮ እንደ ጣለው ጽፏል። የተአምሩን ነገር ለአንባቢ እተወዋለሁ። ነገር ግን ትእዛዙ ራሱ የሚያስተምረን አለ፤ አንበጣው እንዲጠፋ ሳይሆን ወደ ሌላ ሰው አገር እንዲሄድ ተፈረደበት።

ገበሬውም ቢሆን የነበረው መሣሪያ አንበጣውን የሚያባርር እንጂ የሚያጠፋ አልነበረም። ጅራፍ ማጮኽ፥ ወንጭፍ መወርወር፥ ቆርቆሮ መምታት፥ በማሳው ዳር ጭስ ማጨስ፥ ሴቱም ወንዱም ልጁም ወጥቶ እልል እያለና እየጮኸ ማባረር፤ ይህ ሁሉ መንጋው እንዳያርፍ ያደርገው ይሆናል፤ የተባረረው አንበጣ ግን ከጎረቤት ማሳ ያርፋል። በኩብኩባው ላይ ብቻ የሚበረታ አንድ ጥንታዊ ዘዴ በብዙ አገር ነበረ፤ እርሱም በመንገዱ ፊት ጉድጓድ ቈፍሮ፥ ነድቶ አስገብቶ፥ አፈር መመለስ ነው። ይህን ለማድረግ ግን ኩብኩባው የሚፈለፈልበት ስፍራ መታወቅ አለበት፤ ያ ስፍራ ደግሞ የገበሬው አገር አይደለም። ከ1888 እስከ 1892 በነበረው ክፉ ቀን፥ የከብት በሽታ በሬውን ከፈጀና ዝናብ ከጠፋ በኋላ አንበጣና ተምች የቀረውን በሉት። ዐፄ ምኒልክ በሬ ለጠፋበት ሕዝብ ምሳሌ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቈፈሩ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ጽፈዋል። የተቈፈረውን ከአንበጣ የሚጠብቅ ግን ያን ጊዜ አልተገኘም።

አዲሱ እውቀት የተጀመረው ከሩስያ ነው። ቦሪስ ኡቫሮቭ የሚባል ሊቅ በካውካስ በኩል በስታቭሮፖል ሲሠራ የተመለከተውን ለንደን ከገባ በኋላ በ1921 አሳተመ፤ ይኸውም ሁለት ልዩ ልዩ ወገን ይባሉ የነበሩት አንበጣዎች አንድ ፍጥረት መሆናቸው ነው። ብቻውን ሲኖር መልኩም ጠባዩም አንድ ነው፤ ሲበዛና ሲጨናነቅ ቀለሙም አካሉም አካሄዱም ይለወጣል። እርሱ የጻፈው ስለ ሌላ ዓይነት አንበጣ ነበር፤ የእኛው የበረሃ አንበጣም እንደዚሁ መሆኑ ኋላ ታወቀ። በ2009 የታተመ ጥናት ደግሞ የኋላ እግሩ ከሌሎች ጋር እየተነካካ ሲሄድ በነርቩ ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባለው ንጥረ ነገር እንደሚጨምርና ጠባዩ በጥቂት ሰዓታት እንደሚለወጥ አስረዳ። ይህ እውቀት ለመከላከል የሰጠው ትርጉም ቀላል ግን ታላቅ ነው። አንበጣ በጠፋበት ዘመን አልጠፋም፤ ፌንጣ መስሎ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ሕንድ በሚደርሰውና ወደ 16 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆነው ደረቅ ምድር ተበትኖ ይኖራል። እንግዲህ መጠበቅ የሚገባው አንበጣ በሌለበት ዓመት ነው ማለት ነው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ለዚህ ሥራ ገንዘብ ማውጣት ማንም አይወድም።

ከ1931 እስከ 1938 ድረስ በሮም፥ በፓሪስ፥ በለንደን፥ በካይሮና በብራስልስ የአንበጣ ጉባኤዎች ተደረጉ። የየአገሩን ወሬ በአንድ ካርታ ላይ መጻፍም ተጀመረ፤ ሥራው በለንደን በኡቫሮቭ ሥር ይካሄድ ነበር። ከ1978 ጀምሮ ግን በሮም ባለው በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሥር ሆነ። በ1951 ሬይኒ የሚባል እንግሊዛዊ መንጋው ነፋሱን ተከትሎ፥ ነፋሳት ወደሚገናኙበትና ዝናብ ወደሚዘንብበት እንደሚሄድ ገለጠ። ለካ አንበጣ ዝናብን የሚያሸት የሚመስለው ነፋሱ ራሱ ወደ ዝናቡ ስለሚወስደው ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እንግሊዞች ለመካከለኛው ምሥራቅ የአንበጣ መከላከያ ክፍል አቋቋሙ። ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1910 በአዲስ አበባ የተወለደ ሲሆን፥ በ1933ና በ1934 የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ የአፋርን አገር አቋርጦ ነበር፤ ኋላም በደሴ የአልጋ ወራሽ አማካሪ ሆኖ ሠራ። ያንን ሥራ ትቶ በ1945 አዲስ አበባ ሳለ፥ ሊን የሚባለው የዚህ ክፍል ሹም አገኘውና በደቡብ ዓረብ ያለውን ሩብ ዓል-ኻሊ የሚባለውን ታላቅ በረሃ እንዲመረምር ጠየቀው፤ አንበጣው በዚያ ይፈለፈል እንደ ሆነ ለማወቅ ነው። ቴሲጀር ራሱ አንበጣ ይህን ያህል ግድ እንዳልሰጠው፥ ወደ በረሃው ለመግባት መንገድ እንደ ሆነለት አልሸሸገም። ያም ሆነ ይህ፥ መንገዱንና ዝናብ የዘነበበትን ስፍራ የነገሩት የራሺድ ጎሣ ሰዎች ነበሩ። በዚያ በረሃ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ አስቀድመው የሚጠያየቁት ወሬ ነው፤ ዝናብ የት ጣለ? ሣሩ የት በቀለ? ማን ከማን ጋር ተጋጨ? አንበጣ ፈላጊው ሊጠይቀው የሚገባውም ይኸው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አፋር ዳጉ በመጠኑ መናገር ይገባል፤ አንባቢ ነገሩን ሰምቶ ይሆናል፥ ነገር ግን ከአንበጣ ጋር አያይዞ ያየው ጥቂት ይመስለኛል። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ፥ ቢተዋወቁም ባይተዋወቁም፥ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ከየት እንደ መጡ፥ በመንገድ ምን እንዳዩ፥ ምን እንደ ሰሙ በተራ ይነጋገራሉ። የግጦሹ ሁኔታ፥ የውኃው ነገር፥ የከብት በሽታ፥ የእንግዳ ሰው ማለፍ፥ ሁሉም ይነገራል። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውንና ከሌላ የሰማውን ለይቶ መናገር ግዴታው ነው፤ የሰማውንም ከማን እንደ ሰማ ይናገራል። ሐሰት ያወራ ሰው በጎሣው ዘንድ ይነወራል፥ ይቀጣልም። ወሬን መደበቅም ነውር ነው፤ የተደበቀው ወሬ የሌላውን ከብት ሊገድል ይችላልና። ይህን ሥርዓት የአንበጣ ጥናት ሠራተኛ ከሚሞላው ቅጽ ጋር ስናስተያየው መጠይቁ አንድ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ስፍራው፥ ቀኑ፥ ዝናቡ፥ ልምላሜው፥ የታየው ነገር፥ ያየው ሰው። ልዩነቱ ቅጹ ወደ ሮም ሲሄድ ዳጉው በቆላው መቅረቱ ነው። ወሬውን የሰጠው እረኛ በየሪፖርቱ ስም አልባ ሆኖ ያልፋል፤ ይህን እንደ ቀላል ነገር አላየውም፤ ምክንያቱም ወሬ የሰጠ ሰው ወሬው የት እንደ ደረሰ ካልሰማ ሁለተኛ ጊዜ ለመንገር አይተጋም።

ከዚህም ጋር እረኛው ከመርዙ የሚያገኘው ጉዳት እንጂ ጥቅም ጥቂት ነው። በመጀመሪያ መርዝ የተቀላቀለበት የእህል ገለባ በኩብኩባው መንገድ ይበተን ነበር። በ1950ዎቹ ዲልድሪን የሚባለው መርዝ በበረሃው ልምላሜ ላይ በመስመር በመስመር ይረጭ ጀመር፤ ለብዙ ሳምንታት ስለሚቈይ የሚያልፈው ኩብኩባ ሁሉ ይሞት ነበር፤ ይኸው መቈየቱ ኋላ እንዲተው አደረገው። በዓረብ ምድር ደግሞ አንበጣ ለብዙዎች ምግብ ነው። እህሉ የሚድነው የደጋው ሰው፥ ግጦሹ የሚመረዘው የቆላው ሰው ከሆነ፥ ቆላው ያየውን ሁሉ እንዲናገር መጠበቅ ያስቸግራል። ለንቡም እንደዚሁ ነው፤ ብዙው መርዝ አንበጣን ከንብ አይለይም። በ2020 በሶማሊያ በሰፊው የተረጨው አንበጣን የሚገድል ሻጋታ ግን ሌላውን ፍጥረት እምብዛም አይነካም፤ ጉድለቱ አዝግሞ መግደሉ ነው።

በ1949 የተነሣው ታላቅ መንጋ እስከ 1963 ቈየ። በ1958 በኢትዮጵያ 167,000 ቶን እህል እንደ ጠፋ፥ ይህም ለአንድ ሚሊዮን ሰው የዓመት ቀለብ እንደሚሆን ተገምቷል። ከዚህ መከራ በኋላ በ1962 በአዲስ አበባ የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ውል ተፈረመ፤ መቀመጫውም በመጀመሪያ በአሥመራ ነበር። የዚህ ውል ቁም ነገር አንድ አገር አንበጣውን ወደ ጎረቤቱ ማባረሩ ቀርቶ፥ የጎረቤቱን አንበጣ እንደ ራሱ መቍጠር መጀመሩ ነው።

ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶ ሳለ በ2018 የሆነው ነገር ያሳዝናል። በግንቦትና በጥቅምት ሁለት የባሕር ዐውሎ ነፋሳት፥ መኩኑና ሉባን የተባሉት፥ ቴሲጀር በተመላለሰበት በሩብ ዓል-ኻሊ ዝናብ ጣሉ። አሸዋው ረጠበ፤ አንበጣውም ማንም ሳያየው ሦስት ትውልድ ተራባ። አንድ ትውልድ ሃያ እጥፍ ቢጨምር፥ ሁለተኛው አራት መቶ፥ ሦስተኛው ስምንት ሺሕ እጥፍ ይሆናል። መንጋው ወደ የመን ወረደ፤ በዚያ ጦርነት ስለ ነበረ የሚከላከል አልተገኘም። በ2019 ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ሶማሊያና ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ በዓመቱ መጨረሻም ኬንያ ደረሰ። ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን የሚሆን አንበጣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሊሰፍር ይችላል። በጥር 2020 ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ አይሮፕላን መስተዋቱን አንበጣ ስለ ሸፈነው ወደ አዲስ አበባ ለመዞር ተገደደ። በዚያው ዓመት የተደረገ ግምገማ በኢትዮጵያ ወደ 200,000 ሄክታር የሚሆን ሰብል እንደ ተጐዳ፥ ከ350,000 ቶን የሚበልጥ እህል እንደ ጠፋ አመለከተ። የታረሰው ምድርም የሕዝቡም ቍጥር ስለ ተለወጠ ይህን ከ1958ቱ ጋር ማመዛዘን አይቻልም። በኅዳር በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ አሳሹም ረጪውም ሊገባ የማይችልበት ስፍራ በዛ።

መንጋው በ2021 መመናመን የጀመረው በርጭቱና በዝናቡ ማነስ ነው፤ የትኛው ይበልጥ እንደ ሠራ በቍጥር መለየት ያስቸግራል። በዚሁ መከራ መካከል አንበጣ ያየ ሰው በእጅ ስልኩ ፎቶግራፉንና ስፍራውን የሚልክበት ዘዴ ተሠርቶ በብዙ አገር ተሠራጨ፤ ከሰማይም ሳተላይት ልምላሜውን ያያል፥ አንበጣውን ግን አያይም። በአፋር ዳጉ ዛሬ በስልክም ይነገራል። ሲጀመርም እንደ ድሮው የሚቀድመው ጥያቄ የዝናቡ ነው።