ቀበቶውና ሕጉ

መኪና ውስጥ ሲገቡ ቀበቶዎን የሚያስሩት ሞትን ፈርተው ነው ወይስ ቅጣትን? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ከበስተኋላው ረጅም ክርክር አለ።

ዛሬ የምናስረውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ለቮልቮ የሠራው ስዊድናዊው መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን ነው። ኩባንያውም የፈጠራ መብቱን ለሌሎች ክፍት አደረገ። ሆኖም ቀበቶው ቢኖርም የሚያስረው ጥቂት ነበር። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ በ1970 በሕግ አስገደደች። አሜሪካ ውስጥ በ1974 ሞዴል መኪኖች ቀበቶ ካልታሰረ ሞተር እንዳይነሣ ታዘዘ፤ ሕዝቡ ተቆጣ፣ ኮንግረስም በዚያው በ1974 ትእዛዙን ሻረ። ኒው ዮርክ በ1984 የማሰር ግዴታን ስታውጅ፣ ኒው ሃምፕሻየር ግን ዛሬም አዋቂን አታስገድድም።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1859 እንዳስተማረው፣ ሰው የሚገደደው ሌላውን እንዳይጎዳ እንጂ ለራሱ ጥቅም ተብሎ አይደለም። ይህን አባባል እኛ አንንቀውም። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ «ሕይወት ለማዳን» ተብሎ ስንቱ ወገን ያለፈቃዱ ለሰፈራ ተጭኗል!

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? የቀበቶው ሸክም ትንሽ፣ ጥቅሙ የተረጋገጠ ነው። ከኋላ ሳያስር የተቀመጠ ሰው በግጭት ጊዜ ከፊቱ ያለውን ሊገድል ይችላል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የራሱ ብቻ አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕዝቡ ያልወደደውን ትእዛዝ አሽሯል። «ሳይቃጠል በቅጠል» መልካም ነው፤ ቅጠሉን የያዘውን እጅ መጠየቅ እስከተቻለ ድረስ።