ከመቃብር በኋላ የተጠበቀ መጽሐፍ

ዲማ ጊዮርጊስ በምሥራቅ ጎጃም፥ ከቢቸና ከተማ ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ፥ በቅኔ ትምህርቱ ስሙ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ደብር ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ አንድ የአዲስ አበባ ወይም የሐረር ተማሪ «ዲማ» የሚለውን ስም ሲሰማ አስቀድሞ ትዝ የሚሉት መምህራኑና ባለቅኔዎቹ አይደሉም፤ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ በክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ብዕር ብቻ የተወለዱ ሰዎች ሲሆኑ፥ የአገሬው ሰው ግን እንደ ሟች ዘመድ ያነሣቸዋል። የፊታውራሪ መሸሻ ግቢ የት እንደ ነበረ የሚጠይቅ እንግዳም አይጠፋም።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ የተወደሰ መጽሐፍ ስለ ሆነ እኔ በዚህ ጽሑፍ ሌላ ውዳሴ ልጨምርበት አላሰብሁም። የማነሣው ከእርሱ በኋላ የመጡት የደራሲው መጻሕፍት ምን እንደ ገጠማቸውና እነርሱን ሲጠብቅ የኖረው አንባቢ ለምን ቅር እንደ ተሰኘ ነው። ቅር ከተሰኙት አንዱ እኔ ራሴ ነበርሁና ነገሩን ከውጭ ሆኜ የምመለከተው አይደለም።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፥ በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። በጠላት ወረራ ዘመን ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው በኢጣልያ አገር ለዓመታት ታስረዋል፤ ከነጻነት በኋላም በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ በስሙ የፍቅር ታሪክ ቢሆንም በውስጡ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሣው የባላገሩ ዐመፅ ነው። ጥሩ መልክ ስላላቸው ሁለት ወጣቶች ሲያነብ የቆየ ሰው፥ ሳያስበው ስለ ግብርና ስለ መተያያ ክርክር ውስጥ ገብቶ ራሱን ያገኘዋል።

መጽሐፉ ከወጣ ሁለት ዓመት እንደ ሆነው፥ በ1960 ዓ.ም.፥ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ታወጀ። የሞጣና የቢቸና ገበሬም መሬቴ ይለካል፥ ርስቴም ከእጄ ይወጣል ብሎ በመሥጋት ተነሣ። ዐመፁ ወደ ሌሎች የጎጃም አውራጃዎችም ተዛመተ፤ መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከበት፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ። በእርግጥ የመጽሐፉ ባላገሮች የተጣሉት ከአንድ ጌታ ጋር ሲሆን፥ የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች ግን የተጣሉት ከመንግሥት አዋጅ ጋር ነው፤ አንዱን የሌላው ትንቢት ማድረግ የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይደለም። አንባቢ ግን የታሪክ ጸሐፊ አይደለምና ሁለቱን አገናኛቸው። በልጅነቴ በዚያ ዐመፅ ስለ ነበሩ ሽማግሌዎች ሲወራ «እንደ አበጀ በለው» መባሉን ሰምቻለሁ።

ቀጥሎ ሬዲዮ መጣ። በ1970ዎቹ ዓመታት ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው። ፊደል ያልቈጠረው ገበሬ፥ የጠላ ቤት እመቤቷ፥ ከብት የሚጠብቀው ልጅ ሁሉ ጉዱ ካሣን በድምፁ ዐወቀው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው መጽሐፉን «አነበብሁት» ሲል «ሰማሁት» ማለቱ ነው። እንደ እኔ አስተያየት በኋላ ለመጣው ቅሬታ ትልቁ ምክንያት ይህ ነው፤ ምክንያቱም በጆሮ የገባ ታሪክ እንደ ተረት ነው፥ ከደራሲው ይልቅ የሰሚው ንብረት ይሆናል። ባለንብረት ደግሞ ንብረቱ እንዲጨመርለት እንጂ እንዲለወጥበት አይወድም።

እንግዲህ «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974 ዓ.ም.፥ «የልም እዣት» በ1980 ዓ.ም. ሲታተሙ የጠበቃቸው ሕዝብ ይህ ነበር። በመካከሉ አገሩም ሌላ ሆኗል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የነፊታውራሪ መሸሻን ሥርዓት ስለ ሻረው፥ በ1958 ዓ.ም. መጽሐፉን ሲገልጥ ጌታውን በመስኮት ይመለከት የነበረው አንባቢ፥ በ1974 ዓ.ም. ሌላ ጌታ፥ ሌላ ስብሰባና ሌላ ፍርሃት ነበረው። ደራሲው በአዲሱ መጽሐፋቸው ርእስ ላይ ዳኛን ወንጀለኛ ብለው ሲጠሩ ቀላል ነገር አልተናገሩም። ብዙዎቻችን ግን እርሱን አልጠየቅንም፤ የጠየቅነው «ሰብለ የታለች?» ብለን ነው። ሁለቱ መጻሕፍት አንባቢ አላጡም፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ያህል ስምና ፍቅር አላገኙም።

የእኔው ነገር እንዲህ ነው። ደራሲው በ1996 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ሞጣ ተማሪ ነበርሁ። አንድ የአማርኛ መምህራችን ሽፋኑ የተገነጠለ «ወንጀለኛው ዳኛ» አዋሰኝ። የፍቅር እስከ መቃብር ደራሲ የጻፉት ነው ስባል በልቤ «ክፍል ሁለት ነው» አልሁ። ሌሊቱን በኩራዝ ተቀመጥሁ፤ ገጹን ስገልጥ ስሞቹን ብቻ እፈልግ ነበር። በዛብህና ሰብለ የሉም። አርባ ገጽ ያህል ታግሼ በማግሥቱ መለስሁት፤ መምህሩ «እንዴት ነው?» ቢለኝ «እንደዚያኛው አይደለም፥ ጋሼ» አልሁት። እርሱም ፈገግ ብሎ ተቀበለኝ እንጂ አልተቈጣም። ያን ጊዜ በጣም የተማርሁ መስሎኝ ነበር።

ይህ ቅሬታ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በስፓኝ አገር ሰርቫንቴስ የዶን ኪሾትን ታሪክ የመጀመሪያ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1605 ካሳተመ በኋላ፥ በ1614 አቬላኔዳ የሚል ስም ያወጣ ሌላ ሰው ከእርሱ ቀድሞ «ሁለተኛ ክፍል» ብሎ አወጣ። ሰርቫንቴስ በ1615 እውነተኛውን ሁለተኛ ክፍል ሲያሳትም ራሱ ዶን ኪሾት የሐሰቱን መጽሐፍ አግኝቶ እንዲዘባበትበት አደረገ፤ በመጨረሻም ሌላ ሰው እንዳይቀጥለው ጀግናውን ገደለው። በእኛ ዘመን ደግሞ የአሜሪካ ሰዎች «ስታር ዋርስ» በሚባለው የሰማይ ጦርነት ፊልም ላይ ተመሥርተው እጅግ ብዙ ልብ ወለድ ጽፈዋል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2014 የፊልሙ ባለቤቶች እነዚያ መጻሕፍት ከዋናው ታሪክ እንደማይቈጠሩ ስላስታወቁ፥ ለዓመታት ያነበባቸው ሰው የገዛ ትዝታው እንደ ተሻረበት ቈጥሮ አዘነ።

የሐዲስ ነገር ከሁለቱም ይለያል። ስማቸውን የሰረቀ ወይም በፈጠሯቸው ሰዎች የነገደ አልነበረም። ሰብለንና በዛብህን ራሳቸው በአንድ ስፍራ ቀብረው፥ መቃብሩንም በርእሱ ላይ አስቀድመው ጽፈው ነበር። ሰርቫንቴስ በሁለተኛው መጽሐፍ ያደረገውን እርሳቸው በመጀመሪያው ጨርሰውታል ማለት ነው። መቃብሩን ክፈቱልን ያልነው እኛ ነን።

የመንግሥት ሥራ ይዤ ቢቸና ከተመደብሁ በኋላ ያንኑ መጽሐፍ ከአሮጌ መጻሕፍት መካከል አግኝቼ ገዛሁት። በዚህ ጊዜ ስም አልፈለግሁም። ቀን ቀን የባለጉዳይ ማመልከቻ ስቀበል ውዬ፥ «ዛሬ ኃላፊው የለም፥ ነገ ተመለስ» ብዬ ያሰናበትሁትን ሰው ፊት ይዤ ማታ የምገልጠው መጽሐፍ፥ ሞጣ በኩራዝ የገለጥሁት አልነበረም። ርእሱን እንኳ ደጋግሜ ሳየው እቈይ ነበር። ቢሆንም እውነቱን ለመናገር አሁንም ሁለቱን ባወዳድር የምመርጠው የዲማውን ነው፤ በአርባኛው ገጽ ላይ የዘጋሁትን ግን እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ።

ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ ልጅ፥ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፥ «ጋሼ፥ የፍቅር እስከ መቃብር ክፍል ሁለት አለዎት ይባላል፤ ያውሱኝ» ብሎ መጣ። ክፍል ሁለት የሚባል እንደሌለ፥ ሰብለንም እንደማያገኛት ነገርሁት። ጥቂት ተክዞ «ግድ የለም» አለና ወሰደው። እስካሁን አልመለሰልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።