ዜማው የማን ነው?

እድርና ሙዚቃ ምን አገናኛቸው የሚል ይኖራል። የሚያገናኛቸው ስም ነው። በመዝገባችን ላይ የአንዱ ሟች ስም ከሌላ ሰው አባት ስም ጋር ተጋብቶ ቢጻፍ ቤተሰቡ ዝም አይልም። በዜማ ሲሆን ግን ሁላችንም ዝም እንላለን።

«ሙዚቃዊ ስልት» የተባለውን ቃል የሌለውን ዜማ ብዙዎቻችን በስሙ ባናውቀውም ስንሰማው «እሱን ነው እንዴ!» እንላለን። ታዲያ የማን ነው ሲባል አንዱ የኃይሉ መርጊያ ይላል፤ ሌላው የሙላቱ አስታጥቄ ይላል፤ ሦስተኛው የዋልያስ ባንድ ብሎ ይገላገላል። የደረሰው ግን የፒያኖ ተጫዋቹና አቀናባሪው ግርማ በየነ ነው።

ስሕተቱ የመጣው ከሸክላው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዋልያስ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለብዙ ዓመት የተጫወተ ባንድ ነው። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊው ምክንያት ጭፈራ የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር። ባንዱ በ1977 «ቼ በለው» የተሰኘውን ሸክላ ሲያወጣ በሽፋኑ ላይ የሰፈረው የኃይሉና የዋልያስ ስም ነው። ኦርጋኑን የሚመታው ኃይሉ ስለሆነ ሰሚው ተጫዋቹን ደራሲ አደረገው። ሙላቱም በዚያው ሸክላ ላይ ቫይብራፎን ተጫውቷል፤ ስሙ በውጭ አገር የገነነ ስለሆነ ያልሠራውም ይሰጠዋል። እንደ እኛ አስተያየት ማንም የሰረቀ የለም፤ ኃይሉም ራሱን የቻለ ትልቅ ባለሙያ ነው።

ነገሩ የኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፒያኖ የሚማር ልጅ ሁሉ የሚለማመዳት አንዲት አጭር ሜኑዌት አለች። የባኽ ሚስት አና ማግዳሌና በ1725 በጀመረችው ደብተር ውስጥ ያለ ደራሲ ስም ስለተገኘች የባኽ ስትባል ኖረች። የድሬስደኑ ኦርጋን ተጫዋች የክርስቲያን ፔጾልት መሆኗ የታወቀው በ1970ዎቹ ነው፤ ሰውየው ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ምን ይደረግ!

ከኛም ደጅ አለ። አምባሰል ከመርሳ ሩቅ አይደለም። አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም ሆነው በዓለም ሲጠሩ፣ ዜማዎቹን ያወጡት አዝማሪዎች ስም የለም፤ «ዜማ፦ የሕዝብ» ተብሎ ይታለፋል። የሕዝብ ማለት ክብር ይመስላል እንጂ መጀመሪያ ያዜመው አንድ ሰው ነው፤ እሱም አባት ነበረው፣ አገር ነበረው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲ በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስለት መብት ሰጥቷል፤ ለነዚያ አዝማሪዎች ግን ዘግይቷል።

ግርማ በ1981 ከዋልያስ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። ለእነ ዓለማየሁ እሸቴ ከስልሳ በላይ ዘፈን ያቀናበረው ሰው ነዳጅ ማደያ ሠራ፤ ኃይሉም በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ዜማው በዓለም ሲዞር ሁለቱም ከነዳጅና ከመሪ ጋር ነበሩ። ኋላ ግርማ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ ሸክላ አወጣ፤ በሽፋኑ ላይ በቅድሚያ የተጻፈውም «ግርማ በየነ» የሚለው ነው።